ግንባርህ እየሸሸ ከሆነ ፀጉር ከመትከል በፊት
ወንድሜ፣ "27 ዓመቴ ነው፣ ግንባሬ እየሸሸ ነው፣ ሚኖክሲዲል ልቀባ ወይስ ኢስታንቡል ሄጄ ፀጉር ላስተክል?" ላልከው፣ መትከሉን ለጊዜው ተወው። የተተከለው ቢበቅልም የቀረው የራስህ ፀጉር መሳሳቱን ይቀጥላል። ሚኖክሲዲል የሚቀባ የፀጉር መድኃኒት ነው፤ 5 በመቶ የሆነውን ጠዋትና ማታ የራስ ቆዳህ ላይ ትቀባለህ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ብሶበት ሊረግፍ ይችላል፣ እኔም ደንግጬ ልጥለው ነበር፣ ግን ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው። ፊናስተራይድ ደግሞ በቀን 1 ሚሊግራም የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ፀጉር ወደሚያሳሳው ዲኤችቲ ወደሚባል ሌላ ሆርሞን የሚቀየርበትን መንገድ ይዘጋል። አንዳንዱ ሰው ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስሜትም ያወርዳል፣ ስለዚህ ሐኪም ሳታማክር እንዳትጀምር። ሁለቱንም ካቆምክ ያተረፍከው ፀጉር ተመልሶ ይሄዳል። ፀጉር ያበቅላል የሚባለውን የሽንኩርት ጭማቂ ነገር እርሳው፣ ትራስህን ብቻ ነው የሚያሸትብህ።