የጌም ጥናት እንጀራ ይወጣዋል?

ጥያቄ፦ የሶሺዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጌም እወዳለሁ፤ ከጨዋታውም በላይ ግን የሚስበኝ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው የሚያወጡት ደንብ ነው። በዚህ ላይ ማስተርስ መሥራት እፈልጋለሁ። ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ቤተሰቦቼም «ጌም ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። እውነት እንዲህ ያለ ትምህርት አለ? ከየት ልጀምር? ሥራስ ይገኝበታል?

መልስ፦ ትምህርቱ አለ፤ ፕሮግራመር አለመሆንሽም አያግድሽም። መጠንቀቅ ያለብሽ ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች በተቀራራቢ ስም ስለሚጠሩ ነው። የጌም ዲዛይን ጌም መሥራት ያስተምራል፤ ስታመለክቺም የሠራሽውን አሳዪን ይሉሻል። የኢስፖርት ማኔጅመንት ውድድርና ቡድን ማስተዳደርን ያስተምራል። የጌም ጥናት ጌሙን፣ ተጫዋቹንና በዙሪያቸው የሚፈጠረውን ባህል ይመረምራል፤ ያንቺ ይኸኛው ነው። ስለዚህ በፕሮግራሙ ስም አትወስኚ፤ የኮርሶቹን ዝርዝርና መመረቂያው ምን እንደሆነ እዪ። መመረቂያው የተሠራ ጌም ከሆነ እለፊው።

ዘርፉ ትናንት የበቀለ አይደለም (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የኔዘርላንዱ የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ ባህል ከጨዋታ ጋር ያለውን ቁርኝት የመረመረበትን መጽሐፍ ያሳተመው በ1938 ነው። የኮምፒውተር ጌም ጥናት ግን የራሱን መድረክ ያገኘው በ2001 ነው፤ በኤስፐን አርሴት ዋና አዘጋጅነት «ጌም ስተዲስ» የተባለው ጆርናል የተጀመረው በዚያ ዓመት ነው። በ2003 ዲግራ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ማኅበር ተከተለ። ጆርናሉም ሆነ የዲግራ የጥናት ጽሑፎች ክምችት በነፃ ይነበባሉ፤ የንባብሽ መነሻ እነዚህ ይሁኑ። የኮፐንሃገን አይቲ ዩኒቨርሲቲና የፊንላንዱ ታምፔሬ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የታወቁ የምርምር ቡድኖች አሏቸው።

ይሁንና ለአንቺ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ማስተርስሽን በሶሺዮሎጂ ወይም በሚዲያ ጥናት አድርጊ፤ መመረቂያ ጽሑፍሽ ግን በጌም ላይ ይሁን፤ ጌም የሚያጠና አማካሪ ያለበትን ክፍል ፈልጊ። ቀጣሪ የሚፈልገው ዘዴ የሚያውቅ ሰው ነው፦ ቃለ መጠይቅ፣ የመስክ ምልከታ፣ ስታትስቲክስ። ጌም ያንን ዘዴ የምታሳዪበት መስክ ይሆንሻል። የሶሺዮሎጂ ምሁሯ ቲ. ኤል. ቴይለር ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ በሚጫወተው ኤቨርኩዌስት በተባለ ጌም ተጫዋቾች ላይ የሠራችውን ጥናት በ2006 በመጽሐፍ አሳትማለች፤ በኋላም በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆናለች። ጥያቄዋ የሶሺዮሎጂ ጥያቄ ነበር፤ መስኩ ግን ጌም።

አሁን ማመልከቻሽን ከሌላው የሚለየው የናሙና ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ አጥፊ። «ጌም በወጣቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ» የጥናት ጥያቄ አይሆንም፤ አሥር ዓመት ብትደክሚበትም አያልቅም። ጠበብ አድርጊው፦ አንድ የተጫዋቾች ቡድን ቦስ (በጌሙ ውስጥ ያለ ኃይለኛ ጠላት) ገድሎ ያገኘውን ዕቃ በምን ደንብ ይካፈላል? ደንቡን የጣሰስ ምን ይደርስበታል? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሰፊ ነው። በኤቨርኩዌስት ዘመን ተጫዋቾች በቡድን ዘመቻ ላይ ለተሳተፈ ሰው ነጥብ የሚሰጥ፣ ዕቃ ሲወሰድ ነጥብ የሚቀነስበት የሒሳብ መዝገብ ራሳቸው ፈጥረው ነበር። በጌሙ ኮድ ውስጥ ያልነበረ ሥርዓት ነው፤ ሰዎች ግን ይተዳደሩበት ነበር። አንቺን የሚስብሽም በትክክል ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። አንድ ቡድን ምረጪ፤ ስድስት ሳምንት ያህል፣ በድምሩ ከ20 እስከ 25 ሰዓት ተከታተዪ። በየጊዜው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጌሙን ቨርዥን፣ ሰርቨሩንና አንቺ በምን ሚና እንደተጫወትሽ መዝግቢ። ማስታወሻሽን በሁለት ዓምድ ክፈዪው፤ በግራው ያየሽውና የሰማሽው፣ በቀኙ አንቺ የገመትሽው ይስፈር። «ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ» በግራ፣ «ተቀይመው ይመስለኛል» በቀኝ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ከወር በኋላ የትኛው ማስረጃ እንደሆነ ራስሽም አትለዪውም። ማስታወሻውን ሳታድሪ ጻፊ። ቀጥሎ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ለ45 ደቂቃ ያህል አነጋግሪ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት እንደሚወስድ አስቀድመሽ አስቢ፤ ብዙ ተማሪ ዕቅዱ የሚፈርስበት እዚህ ነው። ውጤቱን ከ4,000 እስከ 5,000 ቃል ባለው ጽሑፍ አጠናቂው።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሚከተሉት ምክንያቶች ነው። ጌሙ በመሀል አፕዴት ይደረግና የዕቃ አከፋፈሉ ይለወጣል፤ ቨርዥኑን ካልመዘገብሽና ስክሪኑን ካልቀረጽሽ የጻፍሽውን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የአፕዴቱን መግለጫም ገልብጠሽ አስቀምጪ፤ ነገ ላታገኚው ትችያለሽ። ሌላው ጌሙን ስለምትወጂው የሚመጣ ነው፤ ጽሑፉ ሳታውቂው ወደ ግምገማ ይንሸራተታል፣ ለአንቺ ግልጽ የሆነው ደግሞ ሳይብራራ ይታለፋል። ረቂቁን ጌም ነክቶ ለማያውቅ ሰው ስጪ፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ያለበትን ሁሉ አስተካክዪ። በአድናቂዎች ግሩፕ ውስጥ መጠይቅ በትኖ «ጌመሮች እንዲህ ያስባሉ» ማለትም የተለመደ ስሕተት ነው። መልስ የሰጠሽ ግሩፑ ውስጥ ያለውና ለመመለስ ፈቃደኛ የሆነው ብቻ ነው።

ሥነ ምግባሩን ለብቻው ልያዘው፤ ምክንያቱም ጥናቱን ሙሉ በሙሉ ሊያስጥል ይችላል። መረጃ ከመሰብሰብሽ በፊት የዩኒቨርሲቲሽን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጠይቂ። ተጫዋቾቹ አጥኚ መሆንሽን ይወቁ። ተጫዋች በጌሙ ውስጥ የሚጠራበት ስም ለዓመታት ክብሩን የገነባበት ስለሆነ ልክ እንደ እውነተኛ ስሙ ደብቂው። ተጫዋቾች በሚወያዩበት ዲስኮርድ በተባለው መተግበሪያ የተጻፈ ዓረፍተ ነገርም ቃል በቃል ከጠቀስሽው በፍለጋ ጸሐፊውን ሊያጋልጥ ስለሚችል አሳጥረሽ በራስሽ ቃል አስፍሪው። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ለመጀመሪያ ጥናትሽ ባታካትቺ እመክራለሁ፤ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሂደቱም ረጅም ነው።

ለአማካሪ የምትጽፊው ኢሜይል ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ከጽሑፎቹ ሁለቱን አንብበሽ፣ ከመካከላቸው አንድ ነጥብ ጠቅሰሽ፣ ያንቺን ጥያቄ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጪና ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ። ማመልከቻ ብዙ ቦታ ትምህርቱ ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ስለሚዘጋ አንድ ዓመት ቀድመሽ ተነሺ።

ስለ ሥራ እውነቱን ልንገርሽ። በዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ቦታ ጥቂት ነው፤ ማስታወቂያውም አብዛኛውን ጊዜ በሚዲያ፣ በኮሙኒኬሽን ወይም በሰውና ኮምፒውተር መስተጋብር ስም ይወጣል። ላንቺ ቅርብ የሚመስለኝ በጌም ኩባንያዎች ውስጥ ያለው የተጫዋች ተመራማሪ ሥራ ነው፤ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ሰዎች ሲጫወቱት እያዩ የት እንደሚጠፋባቸውና ለምን እንደሆነ ማጣራት። በ2002 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በተባለው ጌም መለማመጃ ክፍል ላይ የተጠቀሙበትን ዘዴ በጽሑፍ አውጥተዋል፦ ችግሩና መፍትሔው ግልጽ ከሆነ የሁሉም ሰው ሙከራ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ወዲያው ተስተካክሎ ለቀጣዩ ተሳታፊ ይቀርባል። አንቺም ልትሞክሪው ትችያለሽ። አምስት ሰው ፈልጊ፣ የአንድን ጌም የመጀመሪያ 30 ደቂቃ ሲጫወቱ ቅረጪ። እየተጫወቱ እንዲያወሩ ብታደርጊ አጨዋወታቸው ይለወጣል፤ ስለዚህ ዝም ብለው ይጫወቱ፣ ከዚያ ቪዲዮውን አብራችሁ እያያችሁ ጠይቂያቸው። ሪፖርቱ በአንድ ገጽ ይለቅ፦ ምን ሆነ፣ ስንት ሰው ላይ፣ ለምን፣ ምን ያህል ይከፋል። ከናሙና ጽሑፍሽ ጋር ይህን ከያዝሽ ለሁለቱም በር ዝግጁ ነሽ። ከዚህ ሌላ የጌም ሙዚየምና ቤተ መዛግብት፣ የዕድሜ ደረጃ የሚሰጡ ተቋማት፣ የተጫዋቾች ደኅንነት ክፍሎች አሉ፤ ቦታዎቹ ግን ያነሱ ናቸው።

ለቤተሰቦችሽ ስለ ጌም አታስረጂ። የተጫዋች ተመራማሪ የሚፈልጉ ሦስት የሥራ ማስታወቂያዎች አውጥተሽ የሚጠየቀውን ችሎታ አብራችሁ አንብቡ። ከዝርዝሩ የሚጎድልሽንም ያኔ ታዪዋለሽ፤ ስታትስቲክስ ከሆነ፣ እንደምገምተው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ተመዝገቢ።