ብሮውዘሩን ስሙን ሳይሆን ሥራውን ጠይቁት፦ የፍሮንት ኤንድ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ገጼን የሚከፍተው ሰው በክሮም ይግባ በሳፋሪ ከዩዘር ኤጀንቱ አይቼ ኮዱን ብለያየውስ?

ተወው ወንድሜ። ዩዘር ኤጀንት፣ ማለትም ብሮውዘሩ ራሱን ለገጹ የሚያስተዋውቅበት ጽሑፍ፣ ሲዋሽ የኖረ ነው። የክሮምን ክፈትና እየው፤ «ሞዚላ» ብሎ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ «ሳፋሪ» ይላል። ድሮ ገጾች ስም እያዩ ሲከለክሉ፣ አዲስ የመጣው ሁሉ የቀደመውን ስም እየለበሰ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦፔራ 10 ሲወጣ ደግሞ አንድ አሃዝ ብቻ የሚያነቡ ገጾች 10ን 1 እያሉ አስቸገሩ። ኦፔራም ምን ያድርግ፣ 9.80 ነኝ ብሎ ቀጠለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ልፈትሽ?

የምትፈልገውን ነገር ራሱን። ለምሳሌ ጂኦሎኬሽን (ተጠቃሚው ያለበትን ቦታ የሚነግርህ) ናቪጌተር (ጃቫስክሪፕት ስለ ብሮውዘሩ የሚጠይቅበት ዕቃ) ውስጥ መኖሩን በአንድ ኢፍ፣ «ካለ» ብሎ በሚፈትሽ መስመር፣ እይ። ከሌለ ሰፈሩን የሚጽፍበት ሳጥን ስጠው።

ጥያቄ፦ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይስ?

ብዙ ጊዜ መፈተሽም አያስፈልግሽም። ብሮውዘር የማያውቀውን መስመር ዘሎ ያልፋል። አሮጌውን ከላይ፣ አዲሱን ከታች ጻፊ፣ በቃ። አት ሰፖርትስን (@supports፣ ብሮውዘሩ አንድን ሲኤስኤስ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀውን) ብዙ መስመር አብሮ ሲቀየር ተጠቀሚበት።

ጥያቄ፦ «አለ» ካለኝ ይሠራል ማለት ነው?

ኧረ አይደለም! የድሮው ሳፋሪ በፕራይቬት ሲከፈት ሎካል ስቶሬጅ (ገጹ መረጃ ብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጥበት ቦታ) አለኝ ይላል። ልታስቀምጥ ስትል ግን ቦታ የለም ብሎ ኤረር ይሰጥሃል። ስለዚህ ትራይ ካች (ኤረር ቢመጣ የሚይዝ ኮድ) ውስጥ አንድ ፊደል አስቀምጥና መልሰህ አጥፋ። ካለፈ አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ሲንታክስንም (የኮድ አጻጻፍ) በኢፍ መፈተሽ ይቻላል?

አይቻልም። ብሮውዘሩ ያልገባው ምልክት ካገኘ፣ ኢፉ ጋ ሳይደርስ ፋይሉ በሙሉ ይወድቃል። ቢልድ ስታደርግ፣ ማለትም ኮዱን ለብሮውዘር ስታዘጋጅ፣ ወደ አሮጌው አጻጻፍ ቀይረው።

ጥያቄ፦ የኛን የቀን አቆጣጠር ብሮውዘር ያውቃል?

ይቺን ወደድኳት። የጃቫስክሪፕቱ ኢንትል (ቀንና ቁጥርን በየአገሩ አጻጻፍ የሚያወጣው ክፍል) «ኢትዮፒክ» የሚባል ካሌንደር አለው። ችግሩ፣ የማይችል ብሮውዘር ኤረር አያሳይም፤ ዝም ብሎ የፈረንጁን ቀን ያወጣል። አንተ መስከረም 1 ስትጠብቅ ሴፕቴምበር 11 ይመጣልሃል፣ ተጠቃሚውም ግራ ይጋባል። ፎርማተሩን (ቀኑን የሚጽፍልህን) ከሠራህ በኋላ ሪዞልቭድ ኦፕሽንስን (በትክክል የተጠቀመውን የሚነግርህን) ጥራና ካሌንደሩን አንብብ። «ኢትዮፒክ» ካላለህ በራስህ ኮድ አስላ። ስታሰላ ግን ጳጉሜን አትርሳት፤ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ናት።