የአስኳል ላዩ፦ ገጽ፣ ቅርፊት ወይስ ሽፋን?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የሳይንስ መምህር ነኝ። የሕዋስን ኒውክለስም የጅራታም ኮከብን ኒውክለስም ለተማሪዎቼ «አስኳል» እላለሁ። ላዩን ግን አንዴ ገጽ፣ አንዴ ቅርፊት፣ አንዴ ሽፋን እያልኩ ተምታቶብኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። «ገጽ» ውፍረት የለውም፤ ዓይን ወይም መሣሪያ የሚያርፍበት ፊት ነው፤ ስለዚህ ለሁለቱም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊላ የተባለችው መንኮራኩር 67ፒ የተሰኘው ጅራታም ኮከብ አስኳል ላይ ስታርፍ ገጹ ላይ ተተክለው ሊይዟት የሚገባቸው ጦሮቿ ሳይተኮሱ ቀሩና ነጥራ ተነሣች። የነጠረችው ከገጹ ነው።

«ቅርፊት» ለጅራታም ኮከብ ይስማማል። አስኳሉ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ የላዩ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል፤ አቧራውና ካርቦን ያዘለው ቁስ ይቀርና ይጠቁራል። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ አስኳል ከሚያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ የተጠፈጠፈ እበት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ያየ የጎጃም ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ለሕዋስ አስኳል ግን ቅርፊት አይበሉ። ተማሪው የእንቁላል ቅርፊት ትዝ ይለውና ደረቅ፣ ዝግ ነገር ያስባል። እዚህ ያለው ድርብ ስስ ሽፋን ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር ክፍተት አለ። ሽፋኑ ነገር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ በስዕል ሲያዩት ቀዳዳዎቹ የእንጀራ ዓይን ይመስላሉ፤ የእንጀራ ዓይን ግን እስከ ጀርባው አይዘልቅም፣ እነዚህ ሁለቱንም ሽፋን በስተው ይወጣሉ። «ወንፊት» ማለትም ይጎድለዋል፤ ወንፊት የሚለየው በመጠን ብቻ ሲሆን እነዚህ ትልልቁን ፕሮቲን በምልክቱ ለይተው ያሳልፋሉ።

የበለጠ የሚያሳስተው እንዲያውም «አስኳል» ራሱ ነው። ላቲኑ «ኒውክለስ» የለውዝ ዓይነት ፍሬ ውስጡን ይል ነበር፤ እኛ ከእንቁላሉ ቢጫ ወሰድነው። ታዲያ ተማሪው «ቢጫው የእንቁላሉ ኒውክለስ ነው» ብሎ ይጽፋል። አይደለም፤ ቢጫው በአብዛኛው ስንቅ ነው። ባልዳበረ እንቁላል ኒውክለሱ ያለው ቢጫው ላይ በምትታየው ትንሽ ነጣ ያለች ነጥብ ውስጥ ነው። እንቁላል ሰሐን ላይ ሰብረው ያሳዩአቸው፤ ነጥቧ ካልታየች ቢጫውን በማንኪያ ቀስ አድርገው ያገላብጡ። «ሕዋስ»ም እንዲሁ ነው፤ ቅኔ ቤት የዋለ ልጅ ሲሰማው አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ያስባልና መጀመሪያ ያስለዩት።

ስለ አጻጻፉም፦ «የጅራታሙ የኮከቡ የአስኳሉ ላይኛ ገጽ» አይበሉ። በተከታታይ ስሞች ፊት አንድ «የ» ይበቃል፤ «ላይኛ»ም ገጽ ውስጥ አለ። «የጅራታሙ ኮከብ አስኳል ገጽ» ብለው ይጻፉ።