ለብቻው ለሚጓዝ፦ ሰዓቱ፣ ስሙና ስንቁ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ናይሮቢ ገብቼ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ ዳሬሰላም ለመዝለቅ አስቤአለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለም። ትኬቴ ላይ «ረቡዕ 00:40» ይላል። ከቤቴ መቼ ልነሣ? ሌላስ ምን ልያዝ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ረቡዕ ማታ ቦሌ ከደረሱ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። በእኛ አነጋገር ሌሊቱ ለዋለው ቀን ይቆጠራል፤ ትኬት ላይ ግን ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የእርስዎ በረራ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:40 ነው። 3 ሰዓት ቀድመው ለመገኘት ማክሰኞ ከምሽቱ 3:40 ላይ ቦሌ ይሁኑ።

ለሌላ ጊዜ እንዲጠቅምዎ ሒሳቡ ይኸውልዎ። የትኬቱ ሰዓት ከ07:00 በታች ከሆነ 6 ይደምሩ፤ 07:00 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ይቀንሱ፤ ውጤቱ 13:00 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 ይቀንሱለት። 05:30 ከሌሊቱ 11:30፣ 14:20 ከቀኑ 8:20፣ 22:15 ከምሽቱ 4:15 ይሆናል። የስልክዎን ሰዓት በእጅ ወደ እኛ አቆጣጠር አዙረውት ከነበረ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት፤ አለዚያ የማንቂያ ደወሉና ከአየር መንገዱ የሚመጣው መልእክት አይገጥሙም።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን መንገድ ግን በኪሎ ሜትር ብቻ አይለኩት። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ተወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ አንድ የተበላሸ ተሳቢ መኪና ሰልፉን ለሰዓታት ሊያቆመው ይችላል። ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ አዲስ አበባ ማደር ነው። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ሰሞን እሑድ ይሻላል።

ኬንያና ታንዛኒያ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ስለሚጋሩ ስልክዎ ላይ የሚለወጥ የለም። ሆኖም ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ካሉዎት ቃል በቃል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው፤ ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲነግርዎ ግን 8 ይላል። የአውቶቡስ ትኬት ላይ በእጅ የተጻፈ «2» ካዩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠይቁ አይሂዱ።

በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ባለችው በናማንጋ በኩል ከሆነ መንገድዎ፣ የኬንያ መውጫና የታንዛኒያ መግቢያ ማኅተም አንድ ሕንፃ ውስጥ ይመታል። ወደ አውቶቡሱ ከመመለስዎ በፊት ሁለቱም ማኅተም ፓስፖርቱ ላይ መኖሩን ይዩ። መውጫው የተመታበት መግቢያው ያልተመታበት ሰው ችግሩን የሚያውቀው ከታንዛኒያ ሲወጣ ነው። የቪዛና የመግቢያ ፈቃድ ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ከየአገሩ የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ ብቻ ይመልከቱ፤ መንግሥታዊ መስለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ገጾች አሉ።

የቢጫ ወባ ክትባት የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱ ላይ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፉን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ። ዕቃዎን ደግሞ በፌስታል አይጠቅልሉ፤ ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 በፈረንጆች ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል። በጨርቅ ከረጢት ይተኩት። ዶላር ከያዙ ባለ 100 ኖቶቹ ሰማያዊ ጥብጣብ ያለባቸው አዲሶቹ ይሁኑ። የቆዩትንና የተቀደዱትን መንዛሪዎች ይመልሳሉ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ይወስዳሉ፤ ለባለ 1 እና ባለ 5ም የሚሰጡት ያነሰ ነው። ባንኩ የሰጠዎትን ደረሰኝ ከገንዘቡ ጋር ይያዙ።

ጥያቄ፦ ትኬት ሲቆረጥልኝ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ቢጠየቅ የአባቴን ነው የአያቴን የምሰጠው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ በግምት አይስጡ፤ ፓስፖርቱ ራሱ ይነግርዎታል። ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ ሁለት የኮድ መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር ከአገራችን ኮድ ቀጥሎ፣ የወፍ መንቁር የሚመስለው ምልክት ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ እስኪመጣ ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መጠሪያ ስም ነው። ቅጹን በዚያው ቅደም ተከተል ይሙሉ። ፊደሉም አንድ በአንድ ይግጠም፤ «ፀሐይ» በላቲን በብዙ መንገድ ይጻፋል፣ «ወልደ ጊዮርጊስ» ደግሞ አንዱ ጋ ተጣምሮ ሌላው ጋ ተነጣጥሎ ይገኛል። ለትኬት ቆራጩ ስምዎን በስልክ ከመናገር የገጹን ፎቶ ይላኩለት። ትኬቱ ላይ መጠሪያ ስምዎ ያለ ክፍት ቦታ ተጣብቆ፣ መጨረሻው ላይም የማዕረግ ፊደላት ተለጥፈው ቢያዩ አይጨነቁ፤ የቦታ ማስያዣው አሠራር ነው። ልጅ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ግን የልጁ የቤተሰብ ስም ከእርስዎ ስለሚለይ የልደት የምስክር ወረቀቱን ተተርጉሞ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጀርመን ላሉት ልጆቼ ማር፣ ንጥር ቅቤና ዳግም አረቄ ልወስድላቸው ነው። ያሳልፉኛል? (ከሞጣ)

መልስ፦ እናታችን፣ ቅቤውን ይተዉት። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ አገር የሚመጣ መንገደኛ ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣም ሆነ ሌላ የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ቢገኝ ይወረሳል። እርጥብ ጤና አዳምም የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። አረቄ በአውሮፕላን የሚጫነው ከፋብሪካ እንደታሸገ ብቻ ስለሆነ የቤት አረቄ በጀሪካን አይሄድም።

ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በእጅ ሻንጣ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠርና ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ስለማይታለፍ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይክተቱት። ሰፈፉ የወጣለት፣ በደንብ የበሰለና የረጋ ማር ይምረጡ። ውኃ የበዛበት ማር መንገድ ላይ ይፈላና ክዳኑን ይገፋዋል። አውሮፕላኑ ከፍ ሲልም በዕቃው ውስጥ ያለው አየር ስለሚለጠጥ ጥብቅ ያልሆነ ክዳን ያንጠባጥባል። በጠመዝማዛ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ ሁለት ጣት ያህል አጉድለው ይሙሉ፤ አፉን በስስ ላስቲክ ሸፍነው ክዳኑን ያጥብቁ፤ በሁለት ከረጢት ደራርበው መሐል ሻንጣው ላይ በልብስ ይክበቡት።

ጉዞው ጾም ላይ ከዋለ ምግቡን ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድመው ይዘዙ። «ቬጂቴሪያን» ብቻ ካሉ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፤ የሚጠየቀው «ቪጋን» ነው፣ ኮዱም «ቪ ጂ ኤም ኤል»።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንኬን የት ላድርገው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ በእጅ ሻንጣ ብቻ፤ ባትሪ ጭነት ክፍል ውስጥ ቢቃጠል ደርሶ የሚያጠፋው ሠራተኛ የለም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚታለፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው ላይ Wh ተብሎ የሚጻፈው) ሲሆን፣ የተለመደው ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። መጠኑ የተፋቀበት ካለዎት ግን ሊያዝብዎ ስለሚችል ቤት ይተዉት።