የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄዎች፦ ዊንዶውስ እየተጫነ መሃል ላይ ሲቆም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያለፈ ዴስክቶፕ አለኝ። ፕሮሰሰሩ ኮር 2 ዱዎ፣ ራሙ ሁለት ባለ 2 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 320 ጊጋባይት ነው። ዊንዶውስ 7 ነበረበት፤ አሁን ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ልጭንበት ብዬ ፍላሽ አዘጋጀሁ። ፋይሎቹን መገልበጥ ከጀመረ በኋላ መጀመሪያ 37 በመቶ፣ ሁለተኛ 61 በመቶ፣ ሦስተኛ ደግሞ ገና 12 በመቶ ላይ ቆመ። «ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም የለም» የሚል መልእክት በ80070570 ከሚያልቅ ቁጥር ጋር ያመጣል። ፍላሽ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሃርድ ዲስኩን ልጣለው?

መልስ፦ ገና አይጣሉት። ሦስቱን ቁጥሮች ለይተው መጻፍዎ የጥያቄውን ግማሽ መልሶታል። የተበላሸው የወረደው ፋይል ወይም ፍላሹ ቢሆን ኖሮ፣ መጫኑ በየጊዜው እዚያው አካባቢ ይቆም ነበር፤ ምክንያቱም የተበላሸው ነጥብ ቦታውን አይቀይርም። ሃርድ ዲስክ ላይ የሞተ ቦታ ሲኖርም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው። 12፣ 37፣ 61 እያለ የሚዘል ስህተት ግን መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ራምን ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የዲስኩን ዳታ ኬብልና ፓወር ሰፕላዩን።

መልእክቱ «ፋይሉ ተበላሽቷል» እያለ ራምን መጠርጠር ግራ ሊያጋባ ስለሚችል ምክንያቱን እንንገርዎ። የዊንዶውስ ፋይሎች ፍላሹ ላይ ያሉት ታምቀው በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው። ጫኙ እያንዳንዱን ከፍላሽ ያነባል፣ ራም ላይ ይፈታዋል፣ የፈታውን ከማረጋገጫ ቁጥሩ ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። ራሙ ላይ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ቁጥሩ አይገጥምም። ጫኙ ደግሞ ስህተቱ የቱ ጋ እንደገባ የሚያይበት መንገድ ስለሌለው ፋይሉን ይከሳል። ዊንዶውስ 7 በዚሁ ራም ይሠራ ነበር ካሉ፣ ምናልባት አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት የሚዘጋ ፕሮግራም ወይም ድንገተኛ ሰማያዊ ስክሪን ይገጥምዎ ይሆናል። የዕለት ተዕለት ሥራ ትንሽ ስህተትን ይሸከማል፤ ኢንስቶል ማድረግ ግን አይሸከምም።

ምንም ከመንካትዎ በፊት አንድ ጥንቃቄ፦ ዲስኩ ላይ የሚፈልጉት ፋይል ካለ አሁኑኑ ያውጡት። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚነሳ ሊኑክስ (ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ለዚህ ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ። ኬዙን ከፍተው የብረት አካሉን በእጅዎ ይንኩ። የራሙን ግራና ቀኝ መያዣዎች ወደ ውጭ ሲገፏቸው ራሙ ከፍ ይላል፤ ጠርዙን ይዘው ወደ ላይ ያውጡት። ከታች ያሉትን ወርቃማ ጥርሶች ብርሃን ላይ ይመልከቷቸው። በአሮጌ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛሉ፣ አንዳንዴም ቡናማ ጭረት ይይዛሉ። በለስላሳ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ከላይ ወደ ታች ይጥረጓቸው፤ ፍርፋሪው ማስገቢያው ውስጥ እንዳይገባ ከማሽኑ ራቅ ብለው ይሥሩ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ያብሱ። ማስገቢያውን ራሱን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ያራግፉት፤ በአፍ አይንፉበት፣ ምራቅ ይገባል። ሲመልሱ በራሙ ጥርሶች መካከል ያለችው ክፍተት ከማስገቢያው ጉብታ ጋር መግጠሟን አይተው፣ ሁለቱም መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ ሁለቱን ጫፍ እኩል ይጫኑ። አንደኛው መያዣ ሳይዘጋ የቀረ ራም ኮምፒውተሩ ላይ ሊታይና ሊሠራም ይችላል፤ ስህተት የሚፈጥረውም እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ቀጥሎ ምርመራ። ሜምቴስት 86 ፕላስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በሌላ ፍላሽ ላይ ተጭኖ በራሱ ይነሳል። ማታ አስጀምረውት ይደሩ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር መጨረስ አለበት፣ ሁለት ሦስት ቢዞር ይመረጣል። እዚህ ላይ መቻቻል የለም፦ የስህተቱ ብዛት ከዜሮ ውጪ ከሆነ፣ አንድ ብትሆንም፣ ችግሩ ተገኝቷል ማለት ነው። ስህተት ካሳየ አንዱን ራም አውጥተው አንዱን ብቻ ይመርምሩ፣ ከዚያ ይቀያይሩ። አንዱ ራም በሁለቱም ማስገቢያዎች ላይ ስህተት ካሳየ ጥፋቱ የራሙ ነው። ሁለቱም ራሞች አንደኛው ማስገቢያ ላይ ብቻ ከተሳሳቱ ጥፋቱ የማስገቢያው ነው። ሁለቱም በየትኛውም ቦታ ከተሳሳቱ ግን ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብተው ቅንብሩን ወደ ፋብሪካው ይመልሱና እንደገና ይሞክሩ፤ አንድ ሰው የራሙን ፍጥነት ከልኩ በላይ አድርጎት ሊሆን ይችላል።

ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ደህናውን አንዱን ራም ብቻ ትተው መጫን ይችላሉ፤ ሌላውን እስኪተኩ መጠበቅ የለብዎትም። ሲተኩ ግን ዲዲአር 2 ይሁን ዲዲአር 3 አሮጌው ላይ ካለው ጽሑፍ ያረጋግጡ። የክፍተታቸው ቦታ ይለያያል፣ ቮልቴጃቸውም አንድ አይደለም (1.8 እና 1.5)፤ በግድ የሚገባ ነገር የለም።

ራሙ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ወደ ዲስኩ ይሂዱ። ከፍላሽ በተነሳው ሊኑክስ ላይ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ከፍተው የስማርት ዝርዝሩን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) ይዩ። ሦስት መስመሮች ይበቃሉ። ቁጥር 5 ዲስኩ የሞቱ ቦታዎችን በመጠባበቂያ የተካበት ብዛት ነው። ቁጥር 197 ሊነበቡ አልቻሉም ተብለው በጥርጣሬ የተያዙ ቦታዎች ብዛት ነው፤ ይህ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይጫኑበት። ቁጥር 199 ግን ዲስኩን ሳይሆን በአብዛኛው ኬብሉን ነው የሚያሳጣው፤ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፉ የተበላሹ መረጃዎችን ይቆጥራል። የዲስኩን ዳታ ኬብል (ሳታ ኬብሉን) ይቀይሩና ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መታየት ያለበት መጨመሩ መቆሙ ነው።

እግረ መንገድዎን ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ቱቦ መሰል ካፓሲተሮች አናት ይመልከቱ። ጠፍጣፋ መሆን አለባቸው። ካበጡ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ፣ የሚለዋወጠው ስህተት ምንጭ እሱ ሊሆን ስለሚችል ራምና ኬብል መቀየሩ አይፈውሰውም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፍላሹን ያዘጋጁት በዚሁ በታመመው ኮምፒውተር ከሆነ፣ ሁለተኛውም ፍላሽ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። በሌላ ጤነኛ ማሽን እንደገና ያውርዱ፣ የወረደውን ፋይል የሻ 256 ማረጋገጫ ቁጥር እዚያው አስልተው ማውረጃው ገጽ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፣ ፍላሹንም እዚያው ያዘጋጁ። መጥፎ ራም ባለበት ማሽን የተሰላ ማረጋገጫ ምንም አያረጋግጥም። ሲጭኑም ፍላሹን ከኋላ ባለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ በተተከለው ቀዳዳ ይሰኩት፤ የፊቱ ቀዳዳ ረጅም የውስጥ ገመድ ስላለው በአሮጌ ኬዝ ላይ አይታመንም።

ጥያቄ፦ ከሌላ ኮምፒውተር ያወጣሁትን ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ገጠምኩ። ዊንዶውስ ስጭን ዲስኩ የጂፒቲ ክፍፍል ስላለው እዚህ ላይ መጫን አይቻልም ይለኛል። ፎርማት ባደርገውም ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፎርማት የሚያጸዳው አንዱን ክፍል ብቻ ነው። ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገረው ሰንጠረዥ (ጂፒቲ አንዱ ዓይነቱ ነው) ከክፍሎቹ ውጪ ስለሚቀመጥ ፎርማት አይነካውም። ፍላሽዎ በአሮጌው የባዮስ መንገድ ተነስቷል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በዚያ መንገድ ሲነሳ ኤምቢአር የተባለውን ክፍፍል ብቻ ነው የሚቀበለው።

መጀመሪያ ማሽኑ ሲነሳ የቡት ዝርዝሩን ይክፈቱ፤ እንደ ማዘርቦርዱ ኤፍ 8፣ ኤፍ 9፣ ኤፍ 11፣ ኤፍ 12 ወይም ኢስኬፕ ነው። ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አንደኛው ፊቱ ላይ «ዩኢኤፍአይ» (ባዮስን የተካው አዲሱ የማስነሻ መንገድ) የሚል ካለው እሱን ይምረጡ፤ መልእክቱ ይጠፋል፣ ዲስኩም ሳይነካ ይቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተጻፈ፣ ፍላሹ ለዩኢኤፍአይ አለመዘጋጀቱን ወይም ዩኢኤፍአይ ባዮስ ውስጥ መዘጋቱን ያጣሩ። እነዚህ ካልሆኑ ማዘርቦርዱ ዩኢኤፍአይን አያውቅም፤ ያን ጊዜ የዲስኩ ክፍፍል ወደ ኤምቢአር ይለወጣል።

በመጫኛው ላይ ሆነው ሺፍትና ኤፍ 10 አንድ ላይ ይጫኑ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ዲስክፓርት ብለው ይግቡ፣ ሊስት ዲስክ ይበሉ። በጂፒቲ ዓምድ ሥር ኮከብ ያለበት፣ መጠኑም ወደ 931 ጊጋባይት የሆነው ዲስክዎ ነው። ሴሌክት ዲስክ ብለው ቁጥሩን ይጨምሩ፣ ከዚያ ክሊን፣ ቀጥሎም ኮንቨርት ኤምቢአር። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት። ክሊን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ያለውን ሁሉ በቅጽበት ያጠፋዋል። ፍላሹም በዝርዝሩ ውስጥ ስለሚታይ መጠኑን ሁለት ጊዜ ይዩ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሌላ ዲስክ ካለ አስቀድሞ ኬብሉን መንቀል ነው። እንዲህ ሲያደርጉ ዊንዶውስ የማስነሻ ፋይሉን ሌላኛው ዲስክ ላይ ከመጻፍም ይድናሉ።

ኤምቢአር የሚይዘው እስከ 2 ቴራባይት ነው፤ የእርስዎ ዲስክ ከዚያ በታች ስለሆነ የሚባክን ቦታ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10 ያለ ችግር ተጫነ። ማታ ከሶኬት ነቅዬ ጠዋት ሳበራው ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ይላል። እንደገና ጫንኩ፣ በማግስቱ ተደገመ።

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ አይጫኑ፤ የጫኑት ዊንዶውስ ደህና ነው። ባዮስ ውስጥ ገብተው ቀኑን ይዩ። ዓመቱ ብዙ ወደ ኋላ ከሄደ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ከሶኬት ሲነቀል ቅንብሩ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ በብዙ አሮጌ ቦርዶች ላይ ደግሞ የፋብሪካው የሳታ ቅንብር (ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ) አሮጌው አይዲኢ ነው። ዊንዶውስ በአዲሱ ዘዴ በኤኤችሲአይ ተጭኖ በአይዲኢ ሲነሳ ዲስኩን የሚያነብበትን ድራይቨር ስለማያገኝ ይወድቃል።

ባትሪው ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ናት። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው የጎኗን ክሊፕ ይግፉ፣ ዘላ ትወጣለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱ አሮጌዋ ላይ ወደነበረበት አቅጣጫ አድርገው ያስገቡ። ቀንና ሰዓት ያስተካክሉ፣ ሳታውን ወደ ኤኤችሲአይ ይመልሱ፣ ሴቭ አድርገው ይውጡ። ዊንዶውሱ እንደነበረ ይነሳል።

ጥያቄ፦ መጫኑ 100 በመቶ ይደርስና ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቋንቋ ወደሚያስመርጠው የመጀመሪያው ገጽ ይመለሳል።

መልስ፦ የቡት ቅደም ተከተሉ ፍላሹን ስለሚያስቀድም ነው። ፋይሎቹ ተገልብጠው ማሽኑ ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጠፋ፣ ስክሪኑ እንደጠቆረ ፍላሹን ይንቀሉ። ፍላሹ በሌለበት «የሚነሳ ዲስክ የለም» ካለ ግን ባዮስ ውስጥ ዲስኩን አንደኛ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በኮር 2 ዱዎ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11 መስፈርቱን ዘሎ በሚያልፍ ዘዴ ይጫናል ሲሉ ሰማሁ። ልሞክር?

መልስ፦ አይሞክሩ። እነዚህ ዘዴዎች የሚያታልሉት ቲፒኤም 2.0ን (የደኅንነት ቺፑን)ና የፕሮሰሰር ዝርዝሩን የሚያጣራውን ክፍል ነው። 24ኤች2 ከተባለው እትም ጀምሮ ያለው ዊንዶውስ 11 ግን ኤስኤስኢ 4.2 እና ፖፕሲኤንቲ የተባሉ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን ይፈልጋል፤ ኮር 2 ዱዎ ሁለቱም የሉትም፣ በሶፍትዌር የሚተካ ነገርም አይደለም። ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ኢንተርኔት ለሚያይ፣ ጽሑፍ ለሚጽፍና ቪዲዮ ለሚከፍት ሰው የእኛ ምርጫ ሊኑክስ ሚንት በኤክስኤፍሲኢ ገጽታው ነው። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፣ 4 ቢሆን ይመከራል፤ ዲስክ ላይ ከ20 ጊጋባይት ማነስ የለበትም። አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ላይ ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ ከፍላሹ የመነሻ ዝርዝር «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ይምረጡ። ተጭኖ ካለቀም በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ሊጠቁር ይችላል፤ በግሩብ (የሊኑክስ ማስነሻ) ዝርዝሩ ላይ «ኢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጭነው፣ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት ብለው ይጨምሩና በኤፍ 10 ያስነሱት። ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ የድራይቨር ማስተዳደሪያውን ከፍተው ለካርዱ የሚስማማውን ይጫኑ።