ለእህታችን ጥያቄ፦ ከእርሳሱ ጀምሪ

እህቴ፣ «ለሁለተኛ ዲግሪ በአገራችን የአርኪዮሎጂ ጥናት ታሪክና ዘዴ ላይ ልሠራ ነው፤ ጥቂት የመስክ ሥራም አለው፤ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ስመላለስ ጫማ ጨርሻለሁ። የትምህርቱን ሀሁ እዘለዋለሁ፤ እዚህ የደረስሽው አውቀሽው ነው።

1. በመጀመሪያ የዘመን አቆጣጠርሽን ለዪ። ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመኖች የአክሱም ጥናት እ.ኤ.አ. በ1906 ነበር፤ በእኛ 1898። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ነው። ፈረንጆቹ በጻፉት ቀን ብቻ ብሄድ ኖሮ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት በተረሸኑ ማግስት መሆኑን አላስተውልም ነበር።

2. ደብዳቤ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ስለዚህ «ትንሽ ጉድጓድ ናት» ብለሽ አትጀምሪ። የትብብር ደብዳቤዬን ይዤ የሄድኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ሦስት ቀን ተመላልሼ አራተኛው ቀን ላይ አንድ ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ሳይል «ወጪ ቁጥር የለውም» አለኝ። ማህተሙን አሳየሁት። «ቁጥር የሌለው ወረቀት እኔ ዘንድ ወረቀት አይደለም» ብሎ ወደ ጠርዙ ገፋው። ወደ ትምህርት ክፍሌ ተመለስኩ፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነበረች። አሥራ ሁለት ቀን! ሰውዬውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ግን ቀጥሎ የምነግርሽን ስታነቢ ለምን ደጋግሜ እንደማስታውሰው ይገባሻል።

3. እርሳስ። መስክ ላይ ችካል ተክለን፣ ሲባጎ ወጥረን አፈሩን በንብርብር በንብርብር ነበር የምናነሣው። ሦስተኛውና አራተኛው ንብርብር መሐል ጣት የማይሞላ የአመድ ስስ ሽፋን ነበረች። ከእሷ በታች ያገኘነውን ከሰል በእጃችን ሳንነካ በአሉሚኒየም ጠቀለልነው። የሸክላ ገሉን ግን እኔ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩ። መኪናው ሊነሣ ስለነበረ በደንብ ሳይደርቅ በፌስታል ከተትኩት፤ የንብርብሩን ቁጥር በእስክሪፕቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ አብሬ አሰርኩት። በእስክሪፕቶ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ስፈታው ወረቀቱ ላብ አልቦት፣ ቁጥሩ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። አሥራ አንድ ፌስታል። ከሦስተኛው ይሁን ከአራተኛው ንብርብር መለየት አልተቻለም። ከሰሉ በካርቦን 14 (ሕይወት የነበረው ነገር ከሞተ በኋላ በውስጡ እየቀነሰ በሚሄድ የካርቦን ዓይነት) ዕድሜው ሊለካ ይችላል፤ ዊላርድ ሊቢ ዘዴውን ካስተዋወቀበት ከ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም የሚሠራበት ነው። ሆኖም ልኬቱ የሚናገረው ስለ ከሰሉ ነው። ገሉ ዕድሜውን የሚጋራው ከከሰሉ ጋር በአንድ ንብርብር ውስጥ እንደነበረ ከተመዘገበ ብቻ ነው። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ከረጢቶቹን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ቁጥር የሌለውን አልረከብም» አሉኝ። የባለ ሻዩ ሰውዬ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አስተጋባ።

በገሉ ላይ የተመሠረተው የጥናቴ ምዕራፍ ወደቀ፤ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ከኪሴ ወጣ። ርዕሴን ወደ ምዝገባ ታሪክ አዞርኩት። የሊትማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተማቸውን ትላልቅ ቅጾች ስገልጥ አርክቴክቱ ዳንኤል ክሬንከር ሐውልቶቹንና የሕንፃ ፍርስራሾቹን በልኬት እንዴት እንደሣለ አየሁ። ዛሬም አክሱምን የሚያጠና ሰው ወደዚያ ሥዕል ይመለሳል። በጥናቴ መከላከያ ዕለት ፈታኙ በጣም የወደዱት ስለዚህ ሥዕል የጻፍኩትን ምዕራፍ ነው፤ ስለዚህ ጨርሶ አልተሸነፍኩም።

አንቺ ግን በእርሳስ ጻፊ፤ እርሳስ እርጥበት አያጠፋውም። ሁለት ወረቀት አዘጋጂ፤ አንዱን በትንሽ ፌስታል ለብቻው አሽገሽ ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ እሰሪው። ገሉ እስኪደርቅ መኪናው ይጠብቅ፤ ሾፌሩ ቢቆጣም ምሳ ጋብዢው። ደብዳቤሽን ደግሞ ከመዝገብ ቤት ሳትወጪ ወጪ ቁጥሩን ተመልከቺ። የእርሳስ መቅረጫም ያዢ፤ እኛ ዘንድ ለስድስት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠፋ።