የልጄን ጉብዝና ባሳይ፣ ስድቡን እሷ ተቀበለችው

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆንኩ የሳምንቱን ግማሽ የማሳልፈው በሚሌ መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ 15 ዓመቷ ሲሆን ክብደቷ 54 ኪሎ ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከሰፈራችን ጀርባ ባለ በቆርቆሮ የተሠራ ስፖርት ቤት ብረት ታነሣለች፤ ፓወርሊፍቲንግ የሚሉት፣ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ ቤንች (በጀርባ ተጋድሞ ብረት ወደ ላይ መግፋት) እና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ያለበት ስፖርት ነው። መጀመሪያ እኔም አልወደድኩትም ነበር። ነገር ግን በሳምንት ሦስት ቀን የቤት ሥራዋን ጨርሳ፣ ለእጇ የምትቀባውን ጠመኔ ፈጭታ በፌስታል ቋጥራ ስትወጣ ሳያት ልቤ ተሸነፈ።

ባለፈው ግንቦት በአካባቢያችን ያሉ ሦስት ስፖርት ቤቶች ልጆቻቸውን አወዳደሩ። ልጄ በመጨረሻው ሙከራዋ 90 ኪሎ ከመሬት አነሣች፤ ቀጥ ብላ እንደቆመች ብረቱን ለቀቀችውና ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዘጠኝ ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ ቀርጬ ነበርና በዚያው ምሽት በራሴ ቲክቶክ ላይ «የአባቷ ልጅ» ብዬ ለጠፍኩት።

በማግሥቱ ብዙ ሺህ ሰው አይቶት አገኘሁ። ግማሹ ያደንቃል፣ ግማሹ ይሳደባል። «ቁመቷ እዚህ ላይ ቆመ» የሚል አለ፤ «ወንድ ልትሆን ነው» የሚል አለ፤ «ጀርባዋ እንደ ድመት ጎብጧል፣ አባት ተብዬው ሊሰብራት ነው» ያለም አለ። አንዱ ደግሞ «ይሄ 90 አይሞላም፤ ቢሞላም ዳኛ ፊት አይቆጠርም» አለ። አልቻልኩም፤ ለእያንዳንዱ መልስ ስሰጥ፣ ስሳደብም፣ እኩለ ሌሊት አለፈ። ልጄ ነገሩን የሰማችው ከክፍል ጓደኞቿ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስፖርት ቤት አልሄደችም። እናቴም «ድሮስ ሴት ልጅ ብረት አንሥታ ነገ እንዴት ትወልዳለች?» እያለች ነው። ቪዲዮውን ላጥፋው ወይስ እንደ ወንድ ልቋቋም? ሰዎቹ ያሉትስ እውነት አለው?

አባት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምር። ሰዎቹ ካሉት ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን እርስዎን ይበልጥ ያስቆጣው ንግግር እና እውነት ያለበት ንግግር አንድ አይደሉም። ቪዲዮውን ከደብዳቤዎ ጋር ስለላኩልኝ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

የቁመቱ ነገር በሀገራችን ብቻ ሳይሆን በዓለም ሁሉ ሲወራ የኖረ ነው። ሥጋቱ ከምንም አልተነሣም፤ በዕድገት ላይ ያለ ልጅ አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለ፣ ገና ወደ ጠንካራ አጥንት ባልተለወጠ ለስላሳ ክፍል በኩል ስለሆነ፣ ያ ክፍል ክፉኛ ቢጎዳ ዕድገት ሊዛባ ይችላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጉዳት ሲያጋጥም የሚታየው በአብዛኛው ተቆጣጣሪ በሌለበት፣ አነሣሡ ሳይታወቅ ከአቅም በላይ ሲጫን ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ በሚገባ የታቀደና ክትትል ያለው የጥንካሬ ልምምድ የልጆችን ቁመት እንደማይጎዳ አስፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። የልጅዎ ሦስት ቀን ከዚህ ጋር መግጠሙ አስደስቶኛል።

ለዚህ ሥጋት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው «ክብደት አንሺዎች ሁሉ አጫጭር ናቸው» የሚለው ማስረጃም በሴኡል፣ በባርሴሎና እና በአትላንታ ኦሊምፒኮች ወርቅ የወሰደውን ቱርካዊ ናይም ሱሌይማኖግሉን የመሰሉ ሰዎችን ከማየት የመጣ ይመስለኛል። ስፖርቱ የፓወርሊፍቲንግ ወንድም የሆነው ክብደት ማንሣት ነበር፤ ቁመቱ 1.47 ሜትር ያህል ሆኖ በ1988 እ.ኤ.አ. በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ ከአናቱ በላይ አድርሷል። ውድድሩ በሰውነት ክብደት የተከፋፈለ ስለሆነ፣ እጅና እግሩ አጠር ብሎ የተፈጠረ ሰው ብረቱን የሚያነሣበት ርቀት ያጥርለታል፤ በመሆኑም አጫጭሮቹ ስፖርቱ ውስጥ ይቆያሉ፣ ይታያሉም። ቅርጫት ኳስ ሰውን እንደማያስረዝም ሁሉ ብረትም አያሳጥርም።

ይህን ስል ግን ከአንድ ነገር እንዳልሸሽ። ይኸው አካዳሚ በ2008 እ.ኤ.አ. ልጆች ሰውነታቸው እስኪበስል ድረስ ፓወርሊፍቲንግንና የመጨረሻ አቅምን መሞከርን እንዲተዉ ይመክር ነበር። ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ደግሞ ልጆችን 14 ዓመት ከሚሞሉበት ዓመት ጀምሮ በወጣቶች ምድብ ያወዳድራል። በሁለቱ መካከል የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ልምምዱ ይቀጥል፣ የመጨረሻ አቅም የሚፈተንበት ቀን ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ያውም አሠልጣኙ ሲወስን ይሁን። እርስዎ ከሚሌ በተመለሱ ቁጥር «ዛሬስ ስንት አነሣሽ?» እያሉ የሚጠይቁ ከሆነ፣ ልጅቷ እርስዎን ለማስደሰት ስትል ብረት መጨመሯ አይቀርም።

ስለ «ወንድ ልትሆን ነው» ብዙ አልልም። በጉርምስና የወንድን ጡንቻ የሚያበዛው ሆርሞን በሴት ሰውነት ውስጥ በጣም ጥቂት ነው፤ ብረቱ ያንን አይለውጠውም።

አሁን ወደ ጀርባዋ እንምጣ፤ ምክንያቱም «እንደ ድመት ጎብጧል» ያለው ሰውዬ አፉ ቢከፋም ዓይኑ አልተሳሳተም። በቪዲዮው ሦስተኛ ሰከንድ ላይ ብረቱ ከመሬት ሲነቀል የወገቧ መስመር ይታጠፋል። በፓወርሊፍቲንግ ደንብ ጀርባ መጉበጥ ብቻውን ሙከራን አያሰርዝም፤ ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ወገብ ግን መልካም ልማድ አይደለም። እርስዎ ያላስተዋሉት የሚመስለኝ የመጉበጧን ምክንያት ነው። በዘንጉ ጫፎች ላይ ያሉት ከአሮጌ መኪና የተፈቱ ክብ ብረቶች እና ሲሚንቶ የተሞሉ ሁለት የቀለም ቆርቆሮዎች ናቸው። በውድድር የሚፈቀደው ትልቁ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ ከመሬት 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የልጅዎ ዘንግ ግን የተቀመጠው ከቁርጭምጭሚቷ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ወደ ታች የጨመረችውን ርቀት ሁሉ የምትከፍለው ከወገቧ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ለኮንዶሚኒየም ግንባታ ከመጣው የተረፈ ወፍራም ጣውላ ከግራና ከቀኝ ከቆርቆሮዎቹ ሥር ማንጠፍ፣ ዘንጉን ወደ ደንቡ ከፍታ ማምጣት፣ ከዚያም ክብደቱን ቀነስ አድርጎ ጀርባ ሳይታጠፍ መለማመድ። ይህንን ለአሠልጣኟ ቢነግሩት፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ከሆነ ቅር አይለውም። እኔም በወጣትነቴ በግቢያችን የወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቼ ያነሣሁ ሰው ነኝና ቆርቆሮውን አልንቅም።

«90 አይሞላም» ላለውም ሰው መልሱ ስድብ ሳይሆን ሚዛን ነበር። ዘንጉንና ቆርቆሮዎቹን አንድ ቅዳሜ ወደ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት ወስዶ ማስመዘን ነው። የውድድር ዘንግ 20 ኪሎ ነው፤ ብረት ቤት የተቆረጠ ዘንግ ግን 14ም 23ም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከ90 ቢያንስ እንኳ ልጅቷ ያነሣችው ያው ያነሣችው ነው፤ ነገር ግን ነገ ደንቡን በጠበቀ ብረት ስትወዳደር የማታውቀው ክብደት እንዳይገጥማት እውነተኛውን ልክ ማወቅ ይገባታል።

እስካሁን ያልነው ስለ ብረቱ ነው። ልጅቷ ግን ስፖርት ቤት የቀረችው በብረቱ ምክንያት አይመስለኝም። የክፍል ጓደኞቿ በዕረፍት ሰዓት ስልክ ከበው ያነበቡላት የማንን ጽሑፍ እንደሆነ ጠይቀዋታል? እኔ ሳነበው ከማያውቋት ሰዎች ስድብ ይልቅ ዓይኔን የያዘው የእርስዎ መልስ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ድረስ የተጻፉ አሥራ ዘጠኝ መልሶች ቆጥሬያለሁ፣ ከነሱም መካከል እዚህ የማልደግማቸው ቃላት አሉ። ለ15 ዓመት ልጅ፣ አንድ የማታውቀው ሰው «ወንድ ነሽ» ቢላት ያማታል፤ አባቷ በስሟ ምክንያት ሌሊቱን ከመንደር ጋር ሲሰዳደብ ማደሩን በጓደኞቿ ፊት ማንበቧ ግን ያሳፍራታል። ኀፍረቱም የሚይዘው እርስዎ የማይገምቱትን መልክ ነው፦ «እኔ ብረት ባላነሣ ኖሮ አባቴ እንዲህ አይሆንም ነበር»። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመደረጉ በፊት የጻፏቸውን ስድቦች አንድ በአንድ ያጥፉ። ለዚህ የእሷም የእኔም ፈቃድ አያስፈልግዎትም።

ቪዲዮው ግን ሌላ ነገር ነው። እርስዎ በቁጭት ቢያጠፉት፣ ልጅቷ ያነሣችውን እንደ ነውር የደበቁባት ሊመስላት ይችላል፤ በግትርነት ቢተዉትም ሳትጠየቅ የወጣችበት አደባባይ ላይ እንደቆመች ትቀራለች። ስለዚህ አሁኑኑ የአስተያየት መስጫውን ይዝጉና ከእርስዎ በስተቀር ማንም እንዳያየው ያድርጉት፤ ይቆይ ወይስ ይጥፋ የሚለውን ውሳኔ ለእሷ ይስጡ። አንድ ነገርም ልብ ይበሉ። ቲክቶክ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች አካውንት በራሱ ዝግ እንዲሆን አድርጓል፤ ልጅዎ ራሷ በትክክለኛ ዕድሜዋ በተከፈተ አካውንት ለጥፋው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባላየው ነበር። ጥበቃው የተነሣው በአባቷ ክፍት አካውንት በኩል ስለወጣች ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይላል፤ አባትን በልጁ ፎቶ ፍርድ ቤት የሚያቆም ሰው እንደሌለ ባውቅም፣ ሐሳቡ ለቤታችንም ይሆናል።

መኩራትዎን እየነቀፍኩ እንዳይመስልዎት። እነዚያን ዘጠኝ ሰከንዶች ያየ ሰው ለምን እንደኮሩ አይጠይቅም። ነገር ግን የኩራቱ ባለቤት እርስዎ ስለነበሩ መቼና ለማን እንደሚታይ ወሰኑ፤ ዋጋው ሲመጣ ግን ትምህርት ቤት ገብቶ የተቀበለው ሌላ ሰው ነው። ይህንኑ ለልጅዎ በራስዎ አንደበት ይንገሯት። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ በእኛ ዘንድ የተለመደ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንደ እርስዎ ላለ መንገደኛ ሰው ደግሞ ቃሉ ከአፍ ላይወጣ ይችላል። ከመንገድ በተመለሱበት ቀን ጣውላውን አብራችሁ ተሸክማችሁ ወደ ስፖርት ቤቱ እየሄዳችሁ «ሳልጠይቅሽ መለጠፌ ትክክል አልነበረም» ቢሏት ይበቃል። ተመለሺ ብለው አይጫኗት፤ ጣውላውን አንጥፋችሁ ስትጨርሱ ዘንጉን መንካት አለመንካቷን እሷ ትወስን።

እናትዎን በተመለከተ፣ በልጅነታቸው እንስራ ውኃ ሳይሸከሙ እንዳላደጉ እገምታለሁ፤ እርስዎንም ወልደዋል። ከእንጦጦ የማገዶ እንጨት ተሸክመው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እናቶች ሲያይ ማንም ሰው «እንዴት ትወልዳለች?» ብሎ አያውቅም። ያ ሸክም ከችግር የመጣ፣ ዕረፍት የሌለውና ወገብ የሚጎዳ ነው፤ የልጅዎ ግን አሠልጣኝ፣ የዕረፍት ቀንና የሚቀነስ ክብደት አለው። ይህንን በክርክር ሳይሆን አያት ራሳቸው አንድ ቀን መጥተው ቁጭ ብለው እንዲያዩ በማድረግ ቢያስረዷቸው ይሻላል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። «ዳኛ ፊት አይቆጠርም» ያለው ሰውም ምክንያቱን ባይናገርም ትክክል ነበር። በፓወርሊፍቲንግ ሦስት ዳኞች አሉ፤ ሙከራው የሚጸድቀው ቢያንስ ሁለቱ ነጭ መብራት ሲሰጡ ነው። ዴድሊፍት ላይ ተወዳዳሪው ጉልበቱን ዘርግቶ ትከሻውን ወደ ኋላ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዋናው ዳኛ እጁን ወደ ታች አውርዶ «ዳውን» እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያም ብረቱን ሳይለቅ በሁለት እጁ ይዞ ያወርዳል። ልጅዎ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ምልክቱን ግን አልጠበቀችም፣ ብረቱንም ከእጇ ለቀቀችው። ይህ ቀይ መብራት ነው። የለቀቀችበትን ምክንያት ግን ቪዲዮው በግልጽ ያሳያል፤ ብረቱ መሬት ሳይደርስ ፊቷ ወደ እርስዎ ዞሯል። ወደ ልምምዱ ከተመለሰች፣ በሚቀጥለው ውድድር የዳኛውን እጅ አይታ፣ ብረቱን መሬት እስኪነካ ይዛ ታውርደው። ከዚያ በኋላ ወደ እርስዎ ብትሮጥ የሚከለክላት ደንብ የለም።